መጋረጃና መስታወት፦ የነገሥታት በዓል ትዕይንት ከላስታ እስከ አራዳ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰማ ከላስታ ተራሮች የራቀ ይመስላል። መነሻዬ የሱቅ መስኮት ነውና። በአውሮፓ ትልልቅ ከተሞች ንጉሥ ሲነግሥ፣ ልዑል ሲያገባ ወይም የንግሥና ኢዮቤልዩ ሲከበር መደብሮች በመንገድ በኩል ያለውን የመስታወት መስኮታቸውን በዘውድ፣ በሰንደቅ ዓላማና በንጉሡ ምስል ያስጌጣሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይመለከታሉ። ይህ ልማድ ተራ ማስታወቂያ ቢመስልም ለታሪክ ተማሪ አንድ ቁም ነገር ይዟል። ሥልጣን ራሱን ለሕዝብ የሚያሳየው የት ነው? የሚያሳየውስ ማን ነው? ለምን ያህል ጊዜ?

እነዚህን ጥያቄዎች ወደ አገራችን ይዤ ልመለስ። የእኛ ነገሥታት ከማናቸውም የመስታወት መስኮት በፊት በዓል አክብረዋል፤ ክብራቸውንም ለሕዝብ አሳይተዋል። ማስረዳት የምፈልገው ሐሳብ ይህ ነው፦ በእኛ የትዕይንት ሥርዐት ክብር የሚጸናው በመሸሸግና በመገለጥ መፈራረቅ ነው። መሣሪያው መጋረጃ ነበር። የሱቅ መስኮት ግን መጋረጃ የሌለው፣ ሌትና ቀን ክፍት የሆነ ትዕይንት ነው። ሁለቱ ሥርዐቶች በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። ዛሬ ደግሞ ላሊበላ ላይ ተፋጥጠዋል። በዚህ መፋጠጥ ውስጥ የሚገኘው የቅርሶቻችን ዕጣ ስለሆነ ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አስቀድሜ ስለ መስታወቱ በአጭሩ ልናገር። ትልቅና ወጥ መስታወት በርካሽ መመረት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ሲጨመርበት የሱቅ ፊት መድረክ ሆነ። አሜሪካዊው ነጋዴ ጎርደን ሰልፍሪጅ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በኦክስፎርድ ጎዳና መደብሩን ሲከፍት መስኮቶቹን ማታም በርተው እንዲያድሩ አደረገ። ገዢ ያልሆነውም እንዲያይ ፈለገ። በግንቦት 1937 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስድስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ያ መደብር ከመስኮት አልፎ የሕንፃውን ፊት በሙሉ በቅርጻ ቅርጽና በንጉሣዊ ምልክቶች ሸፈነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጌጡ ለአንድ የሕንድ ማሃራጃ ተሸጠ። ይህን የመጨረሻ ነገር ልብ በሉልኝ። የንጉሥ ክብር ማሳያ የነበረው ነገር በዓሉ ሲያልፍ ሸቀጥ ሆነ፤ ማንም ግን አልደነገጠም። የመስታወቱ ሥርዐት ከመጀመሪያው እንዲህ ነውና። ትዕይንቱን የሚያሰናዳው ነጋዴ ነው፤ የሚታየውም ነገር ሁሉ፣ ዘውዱም ጭምር፣ ከሚሸጥ ዕቃ አጠገብ ይቆማል።

አሁን ወደ መጋረጃው ልሻገር። በ1512 ዓ.ም. ገደማ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዐፄ ልብነ ድንግልን ለማየት ስንት ደጅ እንደ ጠና በመጽሐፉ ተርኳል። መልእክተኞቹ በተደጋጋሚ እየተጠሩ ቃል የተለዋወጡት ከመጋረጃ በስተጀርባ ካለ ንጉሥ ጋር ነበር። በመጨረሻ መጋረጃዎቹ ሲከፈቱ ንጉሡ ደረጃ ባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ፣ የወርቅና የብር ዘውድ ደፍተው፣ መስቀል ይዘው ታዩ። ያን ጊዜም ቢሆን ፊታቸው ፈጽሞ አልተገለጠም። ሰማያዊ ሐር በፊታቸው ተይዞ አንድ ጊዜ ዝቅ፣ አንድ ጊዜ ከፍ ይል ነበር። ይኸው ጸሐፊ ንጉሡ ለሕዝብ የሚታዩት በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በልደት፣ በትንሣኤና በመስቀል፣ መሆኑን ይነግረናል። ለዚህም የሰማውን ምክንያት አስፍሯል፦ ዐፄ እስክንድር ሲሞቱ ባለሟሎቻቸው ሞታቸውን ሸሽገው በስማቸው ገዝተዋልና ሕዝቡ ንጉሡ በሕይወት መኖራቸውን በዐይኑ ማረጋገጥ ፈለገ።

ይህ ምስክርነት ሁለት ነገር ያስተምረናል። መሸሸግ ክብር ነው፤ ያልተገደበ መሸሸግ ግን ለማጭበርበር በር ይከፍታል። ስለዚህ ሥርዐቱ መገለጥን በቀን መቁጠሪያ ወሰነው። ንጉሡ የሚታዩት በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። ይህ ልማድ መልኩን እየለወጠ ሩቅ ተጉዟል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በግብር አዳራሹ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ፣ ከዚያ ተከፍቶ ሠራዊቱ ይገባ እንደ ነበር እናውቃለን።

አልቫሬዝ ላሊበላንም አይቷል። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከጻፈ በኋላ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ ያየውን እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ለመሆኑ ያ ሥራ የማን ማሳያ ነው? በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሡት ቅዱስ ላሊበላ ስማቸው በእንጨት መንበረ ታቦቶች ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ስለዚህ የንጉሥ ሥራ መሆኑን ሥራው ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ይህ የንጉሥ ሥራ ከሩቅ አይታይም። ቤተ ጊዮርጊስን አስቡ። ጣሪያው ከዙሪያው ምድር ጋር እኩል ስለሆነ መንገደኛ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ አያየውም። ሌሎች ነገሥታት ክብራቸውን ወደ ላይ ሲያንጹ የላስታው ንጉሥ ወደ ታች አስወቀሩ። የሱቅ መስኮት አላፊውን ከጎዳናው ይጠራዋል፤ ይህ ሕንፃ ግን የሚታየው ፈልጎት ለመጣ ሰው ነው።

በቤተ ማርያም ውስጥ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ዐምድ አለ። ትውፊቱ ያለፈውና የሚመጣው ምሥጢር ተጽፎበታል ይላል፤ ስለዚህም አይገለጥም። ስለ ጽሑፉ የሚባለውን ለጊዜው እናቆየውና ሥርዐቱን እንመልከት። በቤተ ክርስቲያኑ መካከል፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ የማይታይ ነገር ቆሟል። ምእመኑ የሚያየው መሸፈኛውን ነው፤ የሚያከብረውም የተሸፈነውን ነው። ለመስታወት መስኮት ፍጹም ተቃራኒ ምሳሌ ፈልግ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

ይህ ማለት ግን ላስታ የንጉሥን ምስል አታውቅም ማለት አይደለም። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል አለ። ንጉሡ በዙፋን ተቀምጠው አጃቢዎች ከግራና ከቀኝ ቆመዋል፤ ጽሑፉም ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን ይናገራል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. የዛጔን ሥርወ መንግሥት ተክተው የነገሡ ናቸው። እንግዲህ አዲሱ ሥርወ መንግሥት ምስሉን ያኖረው በተሸነፈው ሥርወ መንግሥት አገር፣ እርሱ ባስለመደው የውቅር ጥበብ ውስጥ ነው። ይህ ሥዕል የሥልጣን ማስታወቂያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ሥዕሉን ለማየት ጫማ ማውለቅና መግባት ያስፈልጋል። ማስታወቂያውም ቢሆን ደጅ ላይ አልተሰቀለም።

በላስታ የንጉሥ በዓል ዛሬም ሕያው ነው። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ሆኖ ይከበራል፤ ዕረፍታቸው ደግሞ ሰኔ 12 ይታሰባል። በገና ቀን የቤተ ማርያም ካህናት ከሁለት ይከፈላሉ። ከፊሉ ከዐለቱ አፋፍ ላይ፣ በማሜ ጋራ፣ ከፊሉ ከታች በቅጥሩ ቆሞ ቤዛ ኵሉን ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ካባውና ጥላው ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ መስቀሉ ይታያል፤ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። በዓሉ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እዚህ ንጉሣዊውን በዓል የሚያሰናዳ ነጋዴ የለም። ነጋዴው ጧፍና ነጠላ ይዞ በዙሪያው አለ፤ ዐውደ ዓመቱ ገበያውን ያደራለታል፤ ትዕይንቱ ግን የእርሱ አይደለም። በገበያና በበዓል መካከል ድንበር አለ፤ ድንበሩንም የሚጠብቁት ካህናቱ ናቸው።

ከላስታ ወደ አዲስ አበባ የምሻገረው ይህ ድንበር የተነቃነቀው በዚያ ስለሆነ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። ቦታውን በዐይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ያን ጊዜ ትልቁ የከተማዋ ገበያ በአራዳ፣ በካቴድራሉ አጠገብ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ የአርመኖችና የግሪኮች ሱቆች በዚያው አካባቢ ነበሩ። እንግዲህ ዘውዱ የተጫነው በገበያው ደጃፍ ነው። በዋዜማው ጥቅምት 22 ቀን የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በዚያው አደባባይ ተመረቀ፤ በባቡር ጣቢያው ፊት ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ጎዳናዎች ተጠረጉ፤ የክብር ቅስቶች ተተከሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። በሥፍራው የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ደሳሳ ቤቶች ከእንግዶች ዐይን እንዲሰወሩ አጥር እንደ ታጠረባቸው ጽፈዋል።

ይህ አጥር ትርጉም አለው። በጥንቱ ሥርዐት መጋረጃ የሚጋረደው በከበረው ላይ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአደባባይ ተገለጡ፤ የተጋረደው ድኻው ነው። ከተማዋ ራሷ እንደ መደብር መስኮት ተሰናዳች። ከፊት የሚያምረው ተቀመጠ፤ የማያምረው ከኋላ ተደበቀ። ዋነኞቹ ተመልካቾች ከብሪታንያ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከኢጣልያ የኡዲኔ ልዑልና ካሜራ የያዙት ጋዜጠኞች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ለከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ቅኝ ገዢዎች ነበሩ። በዓለም ዐይን መታየት የነጻነት ጋሻ ሊሆን ይችላል የሚል ስሌት ነበረ። ውጤቱም አልዘገየም። የታይም መጽሔት የኅዳር 3 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. እትም የንጉሠ ነገሥቱን ምስል በሽፋኑ አወጣ፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሰኔ 1931 እ.ኤ.አ. በዓሉን በሰፊው አስነበበ። የኢትዮጵያ ንጉሥ በዓለም የጋዜጣ መሸጫዎች መስኮት ላይ ቆሙ።

ምስል ግን ከሰቃዩ ሐሳብ ውጭ ይሄዳል። ጃማይካ ውስጥ ሊዮናርድ ሃውል የተባለው ሰባኪ የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍ ለተከታዮቹ ይሸጥ ነበር። ለገዙት ድኾች ያ ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ ተስፋ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ፍርድ ቤት ግን ሃውልን በአድማ አነሣሽነት ከስሶ አሰረው። በሳንቲም የተሸጠ ምስል ቅዱስ ሆነ። ስለዚህ ገበያ የነካው ሁሉ ይረክሳል የሚል ቀላል ፍርድ ይዤ አልመጣሁም። መጠየቅ ያለብን የሚያየው ማን ነው፣ በምን መብትስ ያያል የሚለውን ነው።

ይህ ጥያቄ እጅግ መራራ የሆነበት ወር ግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 4 ቀን ለንደን ውስጥ ጆርጅ ስድስተኛ ዘውድ ጫኑ፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት መደብር ፊቱን ያስጌጠው ለዚያ ቀን ነው። በዚያው አገር፣ በባዝ ከተማ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ይኖሩ ነበር። በዚያው ወር ፋሺስት ኢጣልያ ግዛተ ዐፄ ያወጀችበትን አንደኛ ዓመት ስታከብር ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሮም ውስጥ በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ለትዕይንት ቆመ። ሐውልቱ አልተለወጠም፤ ማንም አልቧጨረውም። ነገር ግን ለንጉሥ በዓል የቆመው ምልክት ለወራሪ በዓል ጌጥ ሆነ። ጣሊያኖች የዐፄ ምኒልክንም ሐውልት ከአደባባዩ አንሥተውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንበሳው የተመለሰው ግን ዘግይቶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ትዕይንት የሥልጣን ምልክት ከሆነ የትዕይንት ዕቃ መዘረፍም የሥልጣን መዘረፍ ምልክት ነው።

ከነጻነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወደ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ገባ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠርቶ ነበር፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የታወጀው በዚያው ሰሞን ነው። በባለ ሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳርና ከሳሙና በላይ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ይሰቀል ነበር። በየቀኑ፣ ያለ መጋረጃ ይታይ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ እነዚያ ምስሎች ከየግድግዳው ወረዱ። በገነተ ማርያም ግን ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የተሳሉት ንጉሥ በቦታቸው አሉ። ልዩነቱ የቀለሙ ጥንካሬ አይደለም። አንደኛው ምስል የተሰቀለው በሥልጣን ላይ ላለ ሰው ስለሆነ ከሥልጣኑ ጋር አበቃ፤ ሌላው በሥርዐተ አምልኮ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ሥርወ መንግሥታት ሲፈራረቁ ጠባቂ አላጣም።

ወደ ላሊበላ ልመለስና ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ተሰረቀ። ትውፊቱ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ነው የሚለው ይህ መስቀል በቤልጂግ በአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በበዓል ቀን ወጥቶ ምእመን የሚሳለመው ነገር ለአራት ዓመት በአንድ ግለሰብ ስብስብ ውስጥ ነበር። ለሰብሳቢው መስቀሉ የጥበብ ሥራ ነው፤ ለላሊበላ ሰው ግን የበዓሉ አካል ነው፤ ሲጠፋ በዓሉም ይጎድላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ሲቀዳ እሰማለሁ። አንዱ ወገን ‹ሁሉም ይደበቅ፤ ያልታየ አይሰረቅም› ይላል። ሌላው ‹ሁሉም በመስታወት ሣጥን ይግባ፤ ጎብኚ ይየው፤ ገቢ ያስገኝ› ይላል። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አለ። የመጀመሪያው የዐፄ እስክንድርን ሞት ታሪክ ረስቷል። ፈጽሞ የተሸሸገ ነገር ቢጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም፤ መልኩ፣ ልኩና ክብደቱ ያልተመዘገበ መስቀል በባዕድ አገር ቢገኝ የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን? ሁለተኛው ደግሞ በየቀኑ፣ ለከፈለ ሁሉ፣ ለፎቶግራፍ እየተያዘ የሚቆም መስቀል ቀስ በቀስ የበዓል ዕቃነቱን እንደሚያጣ አያስተውልም። ዓመቱን ሙሉ ከታየ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚገለጠው ምንድን ነው?

የእኔ ሐሳብ መታወቅንና መታየትን እንድንለይ ነው። እያንዳንዱ ቅርስ በፎቶግራፍ፣ በልክና በታሪክ ተመዝግቦ ይታወቅ፤ መዝገቡ በደብሩም በመንግሥትም እጅ ይኑር። የሚታይበትን ቀንና መንገድ ግን ጠባቂዎቹ ካህናትና የአገሩ ሰው በቀን መቁጠሪያቸው ይወስኑ። ለጎብኚ የሚሸጠው የላሊበላ መስቀል ቅጂ፣ ቅጂ መሆኑ ታውቆ፣ የአንጥረኛው ስም ተነግሮ በሱቅ መስኮት ይቁም። በዚያ ነውር የለም፤ እንጀራም ነው። ነውሩ ዋናው ከቅጂው ተራ ሲሰለፍ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ነገ በቅርስ ምዝገባ፣ በሙዚየም ወይም በቱሪዝም ሥራ የምትሰማሩ ትኖራላችሁ። አንድ ካህን ‹ይህ ዛሬ አይወጣም› ቢሏችሁ መልሱን እንደ እንቅፋት አትቁጠሩት። ከኋላው የትዕይንት ሥርዐት አለ፤ ከመደብሮች ሁሉ የቆየ ነው። መዝገባችሁን በትሕትና አሳዩ፣ ልኩንና መልኩን ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለማየት ግን በዓሉን ጠብቁ።